ውድ ማጫወቻ፣ የደበዘዘ ሠርግ፦ ምስልና ድምፅን ደረጃ በደረጃ ማስተካከል

ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር የምትኖር አክስት አለችኝ። ባለፈው ክረምት ልጇ ከአሜሪካ ባለ 4ኬ (በጣም ጥርት ያለ ምስል የሚያወጣ) የዲስክ ማጫወቻ ላከላት። ርካሽ ዕቃ አይደለም። ቲቪዋም 55 ኢንች፣ ባለ 4ኬ ነው። መጀመሪያ የከተተችው የትልቋ ልጇን የሠርግ ዲቪዲ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. እዚሁ ሐዋሳ የተቀረጸውን። ብዙም ሳትቆይ ደወለችልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ እየው። ይሄ ነገር ከድሮው ባሰ እኮ!»

ሄጄ አየሁት። እውነቷን ነው። ሙሽራዋ እጇን ስታወዛውዝ የእጇ ጠርዝ እንደ ሚዶ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። የእናቶቹ ነጠላ ጥለት ይርገበገባል። የሙሽራው ጥቁር ካባ ድፍን ጥቁር ሆኗል፤ እጥፋቱ አይለይም። የሰው ፊት ወደ ጎን ተለጥጧል። ከበሮው ደግሞ መቺዋ እጇን ሳታሳርፍ ድምፁ ይቀድማል።

ዕቃው ግን ምንም አልሆነም። ችግሩ ማጫወቻውና ቲቪው አንዱን ሥራ እየተሻሙ መሥራታቸው ነበር። አንዱ ያሳደገውን ሌላው ያሳድገዋል። አንዱ ያጠራውን ሌላው ይፍቀዋል። በዚያ ላይ ማጫወቻው ስለ ዲስኩ የተሳሳተ ነገር ተነግሮታል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ስትሠሩ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ ይሄን ሥራ የሚሠራው ማን ነው? መልሱ ሁሌም አንድ ዕቃ ብቻ መሆን አለበት።

1. ሳትሰኩት ጀርባውን አንብቡ

ከውጭ የመጣ ማጫወቻ ከካርቶኑ እንደወጣ አይሰካም። አዙሩትና ጀርባውን አንብቡ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ ችግር የለም። «120 ቮልት» ብቻ ካለ ግን የኛ 220 ያቃጥለዋል፤ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ስታቢላይዘርም አይቅርባችሁ። መብራት ከጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ። ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ብዙ ጊዜ ዕቃ የሚጎዳው መብራት ሲመለስ ነው።

የዞን ኮድም አለ፤ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚከፈት የሚወስን ምልክት ነው። ኢትዮጵያ በዲቪዲ ዞን 5፣ በብሉሬይ (ከዲቪዲ ቀጥሎ በመጣው ዲስክ) ደግሞ ዞን ቢ ውስጥ ናት። አሜሪካ በዲቪዲ ዞን 1፣ በብሉሬይ ዞን ኤ ነች። ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ አውሮፓ የተገዛ ብሉሬይ አልከፍትም ቢላችሁ አትደንግጡ። የ4ኬ ዲስኮች የዞን ኮድ የላቸውም። ቪዲዮ ቀራጮች ራሳቸው በርን የሚያደርጓቸው የሠርግ ዲስኮችም ብዙውን ጊዜ የላቸውም። የከፋው ሌላ ነው። አንዳንድ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ማጫወቻዎች እኛ አገር በምንጠቀምበት «ፓል» በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት የተሠራ ዲስክ ጭራሽ አያጫውቱም። ገና ሳትገዙ ይሄን ጠይቁ። ቪሲዲ የማያነቡም ብዙ ናቸው፤ የድሮ የአማርኛ ፊልም በቪሲዲ ካላችሁ አሮጌውን ማጫወቻ አትጣሉት።

ሲቀመጥ ደግሞ አየር ያግኝ። አምፕሊፋየር ላይ አትደርቡት። አክስቴ የአየር ቀዳዳው ላይ ዳንቴል አልብሳው ነበር። ዳንቴሉን ለቲቪው ጠረጴዛ አስቀረንላት።

2. ገመዱ

ምስልና ድምፅን አብሮ ወደ ቲቪው የሚወስደው ኤችዲኤምአይ ገመድ ሁሉ አንድ አይደለም። ለ4ኬ በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ያስፈልጋል። ማሸጊያው ላይ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚል ፈልጉ። የሚበቃችሁን ያህል አጭሩን ግዙ። ምስሉ ላይ ነጭ ብልጭልጭ ነጥብ ካያችሁ፣ ወይም ስክሪኑ ለአንድ ሰከንድ ጠቁሮ ከተመለሰ፣ መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥሩ።

ቲቪው ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ቲቪ ላይ ሙሉውን 4ኬ የሚቀበለው አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በቲቪው ሴቲንግ ውስጥ «ኢንሃንስድ» ወይም «ዲፕ ከለር» የሚለው ካልተከፈተለት አይቀበልም።

3. ቲቪውን ዝም አሰኙት

ሱቅ ውስጥ ቲቪ የሚታየው ከሌላ ሃምሳ ቲቪ ጋር ተፎካክሮ ነው። ስለዚህ «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ላይ ተደርጎ ይሸጣል። ቤት ከገባ በኋላ ግን ከማን ጋር ይፎካከራል? «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» ላይ አድርጉት። ስክሪኑ ቢጫ ቢጫ ይላችኋል። ሁለት ቀን ታገሡት፤ ዓይናችሁ ይለምደዋል።

ከዚያ እነዚህን አጥፉ፦ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን፣ ብናኝ የሚያጠፋውን፣ ንፅፅር በራሱ ጊዜ የሚለዋውጠውን። «ሻርፕነስ» የሚለውን ወደ ታች አውርዱት። ሰው ዙሪያ ነጭ መስመር እስኪጠፋ ድረስ ቀንሱ። በመጨረሻ ቲቪው የምስሉን ጠርዝ እንዳይቆርጥ የሚያደርገውን ክፈቱ። «ጀስት ስካን»፣ «ስክሪን ፊት»፣ ወይም «ፉል ፒክስል» ይባላል፤ እንደ ቲቪው ስሙ ይለያያል። እሱ ካልተከፈተ ማጫወቻው ነጥብ በነጥብ የሠራውን ምስል ቲቪው መልሶ ይለጥጠዋል።

ይሄን ብቻ ስናደርግ የአክስቴ ከበሮ ግማሽ መንገድ ተስተካከለ። ምክንያቱን ድምፅ ላይ ስንደርስ እናገራለሁ።

4. ምስሉን ማን ያሳድገው?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

የፓል ዲቪዲ ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው። በድምሩ 414,720። የ4ኬ ስክሪን 3840 በ2160 ነው፤ 8,294,400። ልክ 20 እጥፍ! ምስሉ ስክሪኑን ከሞላ፣ ከየ20ው ነጥብ 19ኙን ዕቃው ራሱ ገምቶ ነው የሚሞላው። የአክስቴ ዲስክ እንደ ድሮው ቲቪ 4 ለ 3 ስለሆነ ግራና ቀኝ ጥቁር ይቀራል፤ ስለዚህ 15 እጥፍ ይሆናል። ያም ቢሆን አብዛኛው ግምት ነው። የውድ ማጫወቻ ገንዘብ አንዱ የሚሄደው ይሄንን ግምት አሳምሮ ለሚሠራው ቺፕ ነው።

ከማሳደጉ በፊት ግን የሚከብድ ሌላ ሥራ አለ። የድሮ ቪዲዮ ካሜራ በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል አያነሳም። 50 ግማሽ ምስሎችን ነው የሚያነሳው። መጀመሪያ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ መስመር እያለ ጎዶሎ ቁጥሮቹን። ከአንድ ሃምሳኛ ሰከንድ በኋላ ደግሞ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ ሙሉ ቁጥሮቹን። ሙሽራዋ ቆማ ከሆነ ሁለቱ ግማሾች ልክክ ብለው ይገጥማሉ። እጇን ካወዛወዘች ግን በሁለተኛው ግማሽ ላይ እጇ ሌላ ቦታ ደርሷል። ሁለቱን ዝም ብሎ የሚያጋጥም ማጫወቻ ያንን የሚዶ ጥርስ ያወጣል።

ጥሩ ቺፕ ምስሉን ከፋፍሎ ያየዋል። ያልተንቀሳቀሰውን፣ ለምሳሌ ድንኳኑንና ከኋላ ያለውን አበባ፣ ከሁለቱም ግማሾች ይሠራዋል። የተንቀሳቀሰውን እጅ ከአንዱ ግማሽ ብቻ ወስዶ የጎደለውን መስመር ይሞላል። ፊልም ግን ሌላ ነው። ፊልም ሲነሳ አንድ ሙሉ ምስል ነበር፤ ዲስኩ ላይ ነው ለሁለት የተከፈለው። እሱን መልሶ ማጋጠም ትክክል ነው። ለዚህ ነው ማጫወቻው ምርጫ የሚሰጣችሁ፦ «ኦቶ»፣ «ፊልም»፣ «ቪዲዮ»።

የአክስቴ ማጫወቻ «ፊልም» ላይ ነበር። ማን እንደነካው እንጃ። ወደ «ቪዲዮ» ስቀይረው የሙሽራዋ እጅ ወዲያው አንድ እጅ ሆነ። አክስቴ አጠገቤ ቆማ «ይኸው! ይኸው!» አለች። ለዘወትር «ኦቶ» ይበቃል። ሚዶ ካያችሁ ግን ለሠርግና ለድሮ ድራማ በእጃችሁ «ቪዲዮ» አድርጉት።

አሁን ማን እንዲያሳድግ እንወስን። ማጫወቻው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ዲስኩ ላይ ያለውን እንዳለ መላክ ነው፤ «ሶርስ ዳይሬክት» ወይም መሰል ስም አለው። ሌላው ሁሉንም ወደ 4ኬ አሳድጎ መላክ ነው። አንዱን አጥብቆ የሚመክር ሰው አትስሙ። እንዲህ ፈትኑ፦

ነጠላ የለበሱ ሰዎች በቅርብ የሚታዩበት ቦታ ፈልጉ። ቀይ ጥለት ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ዲስክ ላይ ቀለም ቦታ ለመቆጠብ ሲባል በጣም ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው፤ ለ4 የብርሃን ነጥብ 1 የቀለም ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ማጫወቻው መልሶ ሲዘረጋው ካልቻለበት ቀዩ ወደ ነጩ ይፈሳል፤ ጠርዙም መሰላል ይመስላል። ምስሉን አታቁሙት፣ ይሂድ። ከሁለት ሜትር ገደማ ተቀምጣችሁ በሁለቱም መንገድ እዩት። ጥለቱ የማይፈስበትን፣ የማይርገበገብበትን ምረጡ። አክስቴ ቤት ማጫወቻው አሸነፈ። በጥሩ ቲቪ ላይ ቲቪው የሚያሸንፍበትም አለ። ከመረጣችሁ በኋላ ጉዳዩን ዝጉ።

ፊት ወደ ጎን የተለጠጠው ደግሞ ቀላል ነው። የቲቪውን ቅርፅ በማጫወቻው ውስጥ 16 ለ 9 በሉት፤ 4 ለ 3 ዲስክ ሲገባ ግራና ቀኝ ጥቁር እንዲተው ፍቀዱለት። «ስክሪኑ ለምን ባዶ ይቀራል?» የሚል አይጠፋም። የሙሽራ ፊት ከሚወፍር ስክሪኑ ባዶ ይቅር።

5. 24፣ 25፣ 60

ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ነው። የኛ አገር ቪዲዮ 25 ነው፤ በግማሽ ሲቆጠር 50። የአሜሪካ ቲቪ ወደ 60 ይሄዳል። ማጫወቻው ሁሉንም በ60 ላውጣ ካለ ስሌቱ አይገጥምም። 24ቱን ወደ 60 ለማድረስ አንዱን ምስል 2 ጊዜ፣ ቀጣዩን 3 ጊዜ እያፈራረቀ ያሳያል። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲዞር መንገዱ ጉድጓድ እንዳለበት ባጃጅ ነጠር ነጠር ይላል። 25ቱ ወደ 60 ሲገባ ደግሞ የባሰ ነው።

ስለዚህ «24ፒ» የሚለውን ክፈቱ። «ቲቪ ሲስተም» የሚለውን ከ«ኤንቲኤስሲ» (ከአሜሪካው የቪዲዮ ሥርዓት) አውጥታችሁ «መልቲ» ወይም «ኦቶ» ላይ አድርጉት። ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ አብዛኛውን ጊዜ «ኤንቲኤስሲ» ላይ ተቀምጦ ነው የሚመጣው። ከዚያ የሠርግ ዲስኩን ክተቱና የቲቪውን «ኢንፎ» ተጫኑ። «50» የሚል ካያችሁ ሠርታችኋል።

በነገራችን ላይ የፓል ዲቪዲ ፊልም ትንሽ እንደሚፈጥን ታውቃላችሁ? 24ቱ በ25 ፍጥነት ስለሚሄድ የ100 ደቂቃ ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል። ብልሽት አይደለም። አሠራሩ እንዲያ ነው።

6. ጥቁሩ ካባ

ቪዲዮ ጥቁርን ከ16 ይጀምራል፣ ነጭን 235 ላይ ይጨርሳል። ኮምፒዩተር ግን ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል። ማጫወቻው በአንዱ ቋንቋ ልኮ ቲቪው በሌላው ከሰማ ሁለት ነገር ይፈጠራል። ወይ ጥቁሩ ድፍን ይላል፣ ወይ ሁሉም ነገር ጭጋግ ይለብሳል።

መፍትሔው፦ ማጫወቻው ላይ የቀለሙን ዓይነት ከ«አርጂቢ» ወደ «ዋይሲቢሲአር» ቀይሩ። ቁጥር ከጠየቃችሁ 4፦2፦2 ወይም 4፦4፦4 በሉት። ቲቪው ላይ «ብላክ ሌቭል» ካለ «ኦቶ»። ከዚያ ካባውን እዩ። የወርቅ ክሩ ዙሪያ ያለው የከፋይ እጥፋት መታየት አለበት። ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ነው ታዲያ፤ ግራጫ ከሆነ አልፋችሁታል።

7. ኤችዲአር

ኤችዲአር ደማቁን ይበልጥ ደማቅ፣ ጨለማውን ይበልጥ ጨለማ አድርጎ የሚያሳይ አሠራር ነው። የ4ኬ ዲስክ ብርሃኑ እስከ 1000፣ አንዳንዱም እስከ 4000 ኒት (የብርሃን መለኪያ) ድረስ ታስቦ የተሠራ ነው። ብዙ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ቲቪዎች 300 ወይም 400 ላይ ይቆማሉ። የተረፈውን ብርሃን አንድ ሰው ማጠፍ አለበት። ፓናሶኒክ ዩቢ820ን የመሰሉ ማጫወቻዎች ይሄን ራሳቸው ይሠራሉ። የቲቪያችሁን ዓይነት ንገሩት፤ ተራ ኤልሲዲ ነው፣ ኦሌድ ነው፣ ፕሮጀክተር ነው። ማጫወቻው ከሠራው የቲቪውን «ዳይናሚክ ቶን ማፒንግ» አጥፉ። ቲቪያችሁ ኤችዲአር ከሌለው ማጫወቻው ወደ ተራው እንዲቀይርላችሁ ፍቀዱለት፤ ካልሆነ ቀለሙ የታጠበ ልብስ ይመስላል። የሐዋሳ የቀን ፀሐይ ግን ሁሉንም ያሸንፋል። መጋረጃ ዝጉ ወይም ማታ እዩ።

8. ድምፅ፦ ጥሬ ቡና ወይስ የተፈጨ?

የድምፅ ሴቲንጉ ሁለት ቃል ላይ ያርፋል፤ «ቢትስትሪም» እና «ፒሲኤም»። ሲዳማ ላይ ተቀምጠን በቡና እናስረዳው። «ቢትስትሪም» ማለት ቡናውን በጥሬው መላክ ነው። አምፕሊፋየሩ ይቆላዋል፣ ይፈጨዋል። «ፒሲኤም» ማለት ማጫወቻው ቆልቶ ፈጭቶ ይልካል። ሁለቱም መልካም ነው። ሁለት ጊዜ መቁላት ግን የለም።

የዙሪያ ድምፅ የሚችል አምፕሊፋየር ካላችሁ «ቢትስትሪም» አድርጉ፤ «ሰከንደሪ ኦዲዮ» ወይም «ኦዲዮ ሚክስ» የሚለውን ደግሞ ዝጉት። ይሄን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። እሱ ክፍት ከሆነ ማጫወቻው የሜኑውን ጩኸት ለመቀላቀል ሲል ዶልቢ ትሩኤችዲና ዲቲኤስ ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ የሚባሉትን ከፍተኛ ጥራት ያላቸው ድምፆች ፈትቶ ወደ ተራ ድምፅ ያወርዳቸዋል። የቲቪው ስፒከር ብቻ ከሆነ ያላችሁ «ፒሲኤም»፣ ሁለት ቻናል።

መንገዱም ወሳኝ ነው። በቲቪው አልፎ ወደ ሳውንድባር የሚሄደው ተራው «ኤአርሲ» ምንም ሳይቀነስ የተቀመጠውን ትሩኤችዲ አያሳልፍም። «ኢኤአርሲ» ያሳልፋል። የብርሃን ገመዱ፣ ማለትም ኦፕቲካሉ፣ አያሳልፍም። የሚቻል ከሆነ ማጫወቻውን በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰኩ።

የስፒከር ርቀት ደግሞ የሚሞላው ቡናውን በሚቆላው ዕቃ ላይ ነው። ድምፅ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ገደማ ይጓዛል። 1 ሜትር የቀረበ ስፒከር 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይቀድማል ማለት ነው። ሜትር አውጡና ከመቀመጫችሁ ለኩ። በ«ቢትስትሪም» ስትልኩ ማጫወቻው ላይ የሞላችሁት ርቀት ሥራ ላይ አይውልም፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ሙሉት።

ክረምት ሲገባ አንድ ተጨማሪ ነገር ትፈልጋላችሁ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሹክሹክታ አይሰማም፤ ድምፁን ስትጨምሩ ደግሞ ፍንዳታው ጎረቤት ይቀሰቅሳል። «ዲአርሲ» ወይም «ናይት ሞድ» የሚባለው ትንሹን ከፍ፣ ትልቁን ዝቅ ያደርገዋል። ለዝናብ ቀን ክፈቱት። በጋ ላይ ዝጉት፤ የፊልሙን ነፍስ ይወስዳል።

9. ከበሮው

ቲቪ ምስሉን ባቀነባበረ ቁጥር ጊዜ ይፈጅበታል። ምስሉ ይዘገያል፣ ድምፁ በሌላ ገመድ ቀድሞ ይደርሳል። አክስቴ ቤት ድምፁ ከማጫወቻው በኦፕቲካል በቀጥታ ወደ ሳውንድባሩ ይሄድ ነበር። ቲቪው ደግሞ እንቅስቃሴ እያለሰለሰ ምስሉን ያቆየዋል። ማለስለሻውን ስናጠፋ ነው ግማሹ የተስተካከለው።

ለቀሪው «ኦዲዮ ዲሌይ» የሚለውን ክፈቱ። ከበሮ በቅርብ የሚታይበት ቦታ ላይ አድርጉና ከ40 ሚሊሰከንድ ጀምራችሁ በ10 በ10 ጨምሩ። እጅ ሲያርፍና «ድም» ሲል አንድ ሲሆን አቁሙ። ለዚህ ሥራ ከከበሮ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ጭብጨባም ይሆናል። እልልታ ግን አይሆንም፤ የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

10. ዲስኩ ራሱ

ማጫወቻችሁ አዲስ ሶፍትዌር ካለው በፍላሽ ጫኑለት። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ግን አትሞክሩት፤ መሃል ላይ ከጠፋ ዕቃው ላይነሳ ይችላል። ዲስክ ስትጠርጉ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። በክብ አይደለም።

በርን የተደረገ ዲቪዲ ዕድሜ እንዳለው አትርሱ። መረጃውን የያዘው ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ በፀሐይና በሙቀት ይለቃል። የአክስቴ ዲስክ ዳሩ አካባቢ መቆራረጥ ጀምሯል። በማግስቱ ኮምፒዩተር ላይ ከትቼ ሙሉውን ወደ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩት፤ ሁለት ቦታ። ስትገለብጡ «ወደ 4ኬ ላሳድገው?» «ላጥራው?» የሚል ፕሮግራም እሺ አትበሉት። ዲስኩ ላይ ያለውን እንዳለ ውሰዱ፤ ግማሾቹም እንደተጠላለፉ ይቀመጡ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ማጫወቻ ከዛሬው በተሻለ ሊያጋጥማቸው ይችላል፤ የሚያጋጥመው ግን እናንተ ሳትነኩት ካቆያችሁለት ነው።